ጀርባ አይዋሽም

በያንዳንዱ ሰፈር፣ ስለ አንቺ ከራስሽ በላይ የምታውቅ አንዲት ሴት አትጠፋም። አንዳንዱ ሰፈር ድስትሽ ውስጥ ምን እንዳለ የምታውቅ ትደርሰዋለች፤ ሌላው ባልሽ የት እንዳመሸ የምታውቅ። እኛ ሐይቅ ላይ በተሠራችው ከተማ፣ ቴኖቺትላን ውስጥ በሸምበቆው ቦይ ዳር የምንኖረው ደግሞ ክብደታችንን የሚያውቁት ክብርት እመት ሴንቴዋ ደርሰውናል።

በእኛ አገር ሙሽራ በእግሯ ሄዳ አታገባም። ፀሐይ ስትጠልቅ ፊቷን ቢጫ ተቀብታ፣ ክንድና እግሯ ላይ ቀይ ላባ ተለጥፎላት፣ አማጯ ታዝላት በችቦ ታጅባ ባሏ ቤት ትገባለች። እመት ሴንቴዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ግማሽ ሴት በዚያች ጀርባቸው አሳልፈዋል። ሙሽራዋን ካወረዱ በኋላ ታዲያ ዝም አይሉም፤ ፍርድ አላቸው። «ይቺ ላባ ናት።» «ይቺ ውሃ የሞላ እንስራ ናት።» ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። «ጀርባ አይዋሽም» ይላሉ፤ አለቀ።

እኔን የዛሬ ሃያ ዓመት አማቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ ወገባቸውን ይዘው አቃሰቱ። «ሙሽራ ብላችሁ ያሳዘላችሁኝ ወፍጮ ነው፤ ያውም ከነመጁ!» አማቴ ሳቀች፤ ችቦ ያዦቹም ሳቁ። ያኔ እኮ እንደ ሸምበቆ ቀጥኜ ንፋስ የሚወስደኝ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ጠፋ። በእርግጥ ስሜም ስም አይደለም፤ በታላቅና በታናሽ መሀል የተወለደች ልጅ ሁሉ ትላኮ ነው የምትባለው፤ ገበያ መሀል «ትላኮ!» ብለሽ ብትጣሪ አርባ ሴት ዞሮ ያይሻል። ወፍጮ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ጨርቄን ዘርግቼ ስቀመጥ ደንበኞቼ «ወፍጮ፣ ዛሬ ምን ሸምነሻል?» ይሉኛል። ይህን ቂም ሃያ ዓመት በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ።

እሳቸው ግን ማለዳ ማለዳ ግቢዬን ስጠርግ ከች ይላሉ። «ጥጉን ረሳሽው» ነው ሰላምታቸው። ከዚያ ከምንጣፉ ደህናው ቦታ ላይ ይቀመጣሉ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ከሚበስለው የበቆሎ ቂጣ የመጀመሪያውን ታማሌ ከእንፋሎቱ ያነሳሉ፣ ለሽማግሌ የተፈቀደችውን የቃጫ ጠላም ይጠይቃሉ። አንዲት የበቆሎ ፍሬ መሬት ከወደቀች፣ ጉልበታቸው እየጮኸ ተንበርክከው ያነሷታል። «የወደቀ እህል ጌታው ዘንድ ሄዶ ይከሳል። ‘አይተው አለፉኝ’ ይላል።»

አንድ ቀን አልቻልኩምና ተከራከርኳቸው። የሴት እትብት ከጉልቻ ሥር፣ የወንድ እትብት ጦር ሜዳ ይቀበራልና፣ «የሴት መንገዷ ከጉልቻ እስከ ጉልቻ ነው፤ እሱንም በኔ ጀርባ» ሲሉኝ ነው።

«እኔ ገበያ እወጣለሁ፤ በስሜ መሬት አለኝ፤ ዳኛ ፊት ቆሜ ረትቻለሁ» አልኩ።

«መጅም ይመላለሳል» አሉ ታማሌያቸውን እየፈቱ፤ «ከወፍጮው ግን አይወርድም።»

ቤታቸው ከቦዩ ማዶ ነው፤ አንድ ሰሌን፣ አንድ ቅል፣ በሦስት ቀን አንዴ እሳት የሚያይ ጉልቻ። ሴንቴዋ ማለት «አንዲት ብቻ» ማለት ነው። ወላጆቻቸው ስም ያወጡ መስሏቸው ትንቢት ተናገሩ። አጭቷቸው የነበረው ጎረምሳ ከሠርጉ በፊት ዘምቶ ቀረ፤ ያን ሁሉ ሙሽራ ያዘሉትን ሴትዮ ማንም አዝሏቸው አያውቅም። አንዷ ደፍራ ብትጠይቃቸው «እኔን ማን ችሎ? ከባድ ነበርኩ» አሏት።

የልጄ የሾኮ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው ማዘያ ጨርቃቸውን አጥበው አጣጥፈው መጡ። እኔ ደግሞ በስውር ከሌላ ሰፈር ጀርባዋ እንደ በር የሰፋ አማጭ ጠርቼ ነበር።

«ጉልበትዎ እኮ፣ እማማ...» አልኩ።

«ጉልበቴ ምን ሆነ?»

«ትናንት በቆሎ ሊያነሱ ተንበርክከው ያነሳሁዎት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሾኮ በቆሎ ናት?»

«ሌላ ሰው ጠርተናል።»

የታጠፈውን ጨርቅ ፈተው እንደገና አጠፉት።

«ጀርባዋ ጠንካራ ነው?»

«ነው።»

«አፏስ?»

«አፏ ምን ያደርግልኛል? የምታዝለው በጀርባዋ ነው።»

«አይ ወፍጮ» ብለውኝ ወጡ።

ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ሳይተቸኝ ጠረግሁ። ጥጉንም ጠረግሁ። የመጀመሪያው ታማሌ ማንም ሳያነሳው ቀዘቀዘ። ሰፊ መስሎኝ የማያውቀው ግቢዬ ሰፋብኝ፤ ከቦዩ ማዶስ እንዴት ይሆን አልኩ።

በሠርጉ ምሽት ባለሰፊ ጀርባዋ ሾኮን እንደ ቅርጫት አንጠልጥላ ሄደች። እመት ሴንቴዋ ከሰው ሁሉ ኋላ በምርኩዝ ተከተሉ። የሙሽራው ቤት ደርሳ ልጄን እንዳወረደች፣ አማጯ አንገቷን ዳበሰችና ጮክ ብላ «ውይ፣ እንዴት አድርጋ አራሰችኝ! መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የመጣችው» አለች።

እያለቀሰች የገባች ሙሽራ ለቤቱ ለቅሶ ይዛ ትገባለች ይባላል። የሙሽራው እናት ልታጎርሳት የያዘችው ታማሌ አየር ላይ ቀረ። የሾኮ ቢጫ ቀለም ጉንጯ ላይ ሁለት መስመር ሠርቷል።

ከኋላ ምርኩዝ ተሰማ።

«ምን ለቅሶ ትላለች? ላብ ነው እንጂ» አሉ እመት ሴንቴዋ ሰው እየገፉ። «የሙሽራዋን ቤት ሴቶች እኔን ጠይቁኝ። እናትየዋ ወፍጮ ነበረች፤ ይቺ ደግሞ ባሰች። እንኳን አንገት፣ ቀሚስም ይርሳል። ጀርባ አይዋሽም።»

ያቺን የታጠበች ማዘያ ከብብታቸው አውጥተው የልጄን ፊት ጠረጉላት። አማቲቱ ሳቀች፤ ታማሌውም መንገዱን ቀጠለ። ለጋብቻው ማሰሪያ የሾኮን ቀሚስ ከባሏ ኩታ ጋር ቋጠሩት።

እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። እናቴ በወሊድ ስትሞት ጀግና ናት ተብላ እንደ ጦረኛ ተቀበረች፤ ለጀግና አይለቀስም ብለው ከለከሉኝ። ከወር በኋላ ዳሩኝ፤ በእመት ሴንቴዋ አንገት ላይ አራት ድልድይ ሙሉ አለቀስኩ። አንገታቸው በላብ ርሶ ስለነበር ያላወቁብኝ መስሎኝ ነበር። ወፍጮ፣ እንስራ፣ ግንድ የተባልነውን አንድ በአንድ አሰብኩ። ላባ የተባሉት እየሳቁ የገቡት ናቸው።

ስንመለስ ከመጀመሪያው ድልድይ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። ጎንበስ አልኩ።

«ይታዘሉ።»

«እኔን? ትሰበሪያለሽ።»

«ወፍጮ አይደለሁም እንዴ?»

በዚያችው ማዘያ አዘልኳቸው። ያልተፈተለ ጥጥ ናቸው። እስከ ሁለተኛው ድልድይ ድረስ አረማመዴን ሲያርሙ ነበር። ሦስተኛው ላይ አንገቴ ሞቀኝ። በረጅሙ መንገድ ዞርኩ።

የመንገዱ ጥግ ላይ እንስራ የሚሏት ሸክላ ሻጯ በሯ ላይ ችቦ ይዛ ቆማለች።

«ምነው፣ ትከሻሽ ራሰ?»

«ላብ ነው» አልኳት። «ከባድ ናቸው።»

እንስራ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ከዚያ ችቦዋን ከፍ አድርጋ፣ ሙሽራ እንደሚታጀብ፣ ከፊታችን ቀደመች።