ጋሽ ሊሞላ፣ የባዶው ሕንፃ ሥራ አስኪያጅ

በዚህ ምድር ላይ የሌለ ነገር የሚታያቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹን ዘመድ ደግፎ ሐኪም ቤት ይወስዳቸዋል። ሁለተኞቹ ሥራ አስኪያጅ ይሆናሉ። ትንሽ ከተማ ውስጥ የኖረ ሰው ሁለተኛውን ዓይነት በደንብ ያውቀዋል። ባዶ መሬት ላይ ቆሞ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ "እዚህ ጋ መኪና ማቆሚያው፣ እዚያ ጋ ሲኒማው" ይላችኋል። እናንተም፣ አይፈረድባችሁም፣ ዞር ብላችሁ ሲኒማውን ትፈልጋላችሁ።

የእኛ ከተማው "ጋሽ ሊሞላ" ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው የደመወዝ መዝገብ ብቻ ነው። ክቡርነታቸው የባለአራት ፎቁ የገበያ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ ሆነው ስድስት ዓመት ሲያገለግሉ ለማንኛውም ጥያቄ መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ሊሞላ ነው!" ሊፍቱ ለምን አይሠራም? "ሊሞላ ነው፤ ሲሞላ ይሠራል።" ሦስተኛ ፎቅ ለምን ጨለመ? "ሊሞላ ነው።" ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም። "ሊሞላ ነው!" ይሄኛው እንኳን ስለ ውሃ ማጠራቀሚያው የተናገሩ መስሎን ለሁለት ቀን ተስፋ አድርገን ነበር።

ለመሳቅ የምጽፍ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ንዴት ነው፤ ቦታ ስላጣሁለት እዚህ ላፈስሰው ነው።

ታላቅ እህቴ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ ነበረቻት። የልጆች ጫማ ትሸጣለች። የሕፃን እግር በመዳፏ ጨበጥ አድርጋ ቁጥሩን የምትናገር ሴት ናት፤ ስትሳሳት አይቻት አላውቅም። እናቶች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ልጃቸውን አቀብለዋት፣ ሌላ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ ጫማ አድርጎ ያገኙት ነበር። ሀብታም አልሆነችም። ግን አሥራ ሁለት ዓመት በሰው እጅ አልወደቀችም።

አንድ ቀን ጋሽ ሊሞላ ጥቅል ወረቀት በብብታቸው ሸጉጠው ገቡ። ጫማዎቹን ገፋ አድርገው ወረቀቱን ዘረጉት። የሕንፃው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ታዲያ ሰው ነበር፤ መዓት ሰው! ፊኛ የያዘ ልጅ፣ በሁለት እጇ ዕቃ ያንጠለጠለች ሴት፣ ተቃቅፈው የሚሄዱ ጥንዶች። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ያ ሕንፃ በዕድሜው ካስተናገደው ሕዝብ ሁሉ የሚበልጠው ሥዕሉ ላይ የነበረው ነው።

"እህት ዓለም፣ እስከ መቼ የመኪና አቧራ ስትጠርጊ ትኖሪያለሽ?" አሏት። "ቦታው ሊያልቅ ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ልክ ከደረጃው ፊት ለፊት ያለችውን ለአንቺ ብዬ ይዣታለሁ።"

"ሰው ለልጅ ጫማ ብሎ ፎቅ ይወጣል ጋሼ?"

"ደረጃው ራሱ ያወጣዋል እኮ! የሰው ሥራ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው!"

እውነታቸውን ነበር። ሕንፃው የተመረቀ ዕለት ሰው ዝም ብሎ ቆመ፣ ተንቀሳቃሹ ደረጃ አወጣው፣ እላይ ሲደርስ ዞሮ በሌላኛው ወረደ። እንደገና ተሰለፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተማው ሲወጣና ሲወርድ ሰነበተ። ከገጠር ዘመድ የመጣበት ሁሉ እንግዳውን ደረጃ ላይ አቁሞ ያሳፍራል። እህቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከተከራየችው አዲስ ሱቋ በር ላይ ቆማ፣ ገዢ መስሏት፣ "ግቡ፣ ግቡ" ስትል ድምጿ ተዘጋ። በአራተኛው ሳምንት ደረጃው ቆመ። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው ተባለ። የቆመ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ደግሞ ከተራ ደረጃ ይብሳል፤ እርከኑ ከፍ ያለ ነው፣ ሽማግሌና እርጉዝ አይደፍረውም። የልጅ ጫማ የሚገዛው ማን ሆነና? እርጉዝና አያት!

በሰባተኛው ወር ምድር ቤት የነበረው ሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣዎቹን ጭኖ ሄደ። "ለእድሳት ነው" አሉ ክቡርነታቸው። የስልክ መሸጫው ወጣ። "ሊሰፋ ነው የወጣው።" ልብስ ቤቱ ከሰረ፣ ባለቤቱ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹን እንኳን ሳይወስድ ጠፋ። ለዚህ ግን ማብራሪያ አልሰጡም፤ አሻንጉሊቶቹን ወሰዱና በየባዶው ሱቅ አከፋፈሏቸው። ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው፣ መደርደሪያ የሚያማርጡ አስመስለው አቆሟቸው። ከሩቅ ሲታይ ሞቅ ያለ ገበያ ነው። እኔ ራሴ አንዷን "ይቅርታ እመቤት" ብዬ አልፌያታለሁ።

ይባስ ብሎ፣ አዲስ ተከራይ ሕንፃውን ሊያይ በመጣ ቁጥር የቀሩት ነባር ተከራዮች ሱቃቸውን ዘግተው፣ የዕቃ ከረጢት አንጠልጥለው፣ ኮሪደሩ ላይ እንዲመላለሱ ያዟቸዋል። ያኔ የቀሩት አምስት ነበሩ። አንድ ጊዜ ሄጄ በዓይኔ አየሁ። እህቴ ባዶ ካርቶን የታጨቀበት ከረጢት ይዛ ትመጣለች። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰዓት ሠሪ ከወዲያ ይመጣል። ተያይተው እንደማይተዋወቅ ሰው ይተላለፋሉ። ዞረው ይመጣሉ። ደግሞ ይተላለፋሉ። አራተኛው ዙር ላይ ሰዓት ሠሪው፣ "ዛሬ ገበያው ደርቷል እመቤት" አላት። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ የግንባሬ ደም ሥር ተገተረ።

ትዕግሥቴ ጨርሶ ያለቀው ግን አንድ ማክሰኞ ነው። ልጠይቃት ስሄድ ፊቷ በርቶ አገኘኋት።

"ዛሬ ሰው ገባ" አለችኝ።

"እሰይ! ምን ገዛ?"

"ሴትዮ ናት። ሽንት ቤቱ የት ነው ብላ ነው። ደስ ሲለኝ እስከ በሩ ሸኘኋት።"

ወንድሟ ነኝ። እንዴት እንደምናደድ ንገሩኝ። በቆመው ደረጃ እየዘለልሁ ወርጄ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። ክቡርነታቸው ካፖርት ለብሰው፣ መብራት አጥፍተው፣ ለወደፊት ተከራዮች የግብዣ ደብዳቤ በእጃቸው ይጽፋሉ።

"ጋሼ፣ እህቴን አውጧት!"

"ተቀመጥ ወንድም ዓለም። ሊሞላ ነው።"

"በምን? በምን ነው የሚሞላው? የከተማውን ሰው በሙሉ ከነከብቱ ብናስገባው ሁለተኛው ፎቅ ይተርፋል! ይሄንን ሲሠሩ ሰው የቆጠረ አልነበረም?"

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ቀጥሎ ያሉትን ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ቃል ነው። በሩን ወርውሬ ዘግቼው ወጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። የሰማዩን ላም ለራሳቸው ቢያልቡ ማን ከለከላቸው? እህቴን ለምን ቅል ያስይዟታል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ንግግር አዘጋጀሁ። ፊታቸው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት የምናገረው። ሻወር ስታጠብ እለማመደው ነበር። "አታላይ" የሚለው ቃል አምስት ቦታ አለበት።

ዕድሉም መጣ። የሕንፃው ባለቤቶች ሌላ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ የምረቃው ዕለት ሪባን ቆርጠው ከሄዱ በኋላ ጥላቸውም አልታየም። በስድስተኛው ዓመት ሕንፃውን ለመጋዘን ሊያከራዩት ወሰኑ፣ ለተከራዮች የዐሥር ቀን ጊዜ ሰጡ፣ ወኪላቸውንም ላኩ። ጫማው የሚያበራ ጎረምሳ ነው። ሱፐርማርኬቱ በነበረበት ባዶ አዳራሽ ሰበሰበን፤ አምስቱ ተከራዮች፣ ጥበቃው፣ ጋሽ ሊሞላ፣ እና ንግግሬን ይዤ እኔ። ድምፃችን ግድግዳ እየመታ ይመለሳል።

ወኪሉ ወረቀት አወጣ። ተከራዮቹ ሁሉ በገዛ ፈቃዳቸው መልቀቃቸውን ሥራ አስኪያጁ ያረጋግጣል ይላል። ሰዓት ሠሪው ውሉን ያስታውሳል። "በፈቃዱ የለቀቀ፣ ሲገባ በመያዣ ያስቀመጠው ገንዘብ አይመለስለትም" አለ። ለእህቴ ያ ገንዘብ የድሮ ሱቋ ነው፤ ሽጣ ነው የከፈለችው።

"እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ አባባ" አለ ወኪሉ።

ጋሽ ሊሞላ መነጽራቸውን አውጥተው፣ በክራቫታቸው ጫፍ ጠርገው፣ ወረቀቱን ማንበብ ጀመሩ። አንብበው ጨረሱ። እንደገና ከላይ ጀመሩ።

"እነዚህ ሰዎች በፈቃዳቸው አልወጡም" አሉ።

"ለፎርማሊቲ ነው እኮ አባባ።"

"አየህ ልጄ፣ እኔ ብዙ ዋሽቻለሁ። ለዚች ሴት ዋሽቻለሁ። ለእዚህ ሰዓት ሠሪ ዋሽቻለሁ። ለሚስቴም ሳይቀር በየምሽቱ ዛሬ ሦስት ሱቅ ተከራየ እላት ነበር። ሁሉንም በአፌ ነው። በወረቀት ዋሽቼ ግን አላውቅም።"

"እንግዲያው እርስዎም ሥራ የለዎትም። የአገልግሎት ክፍያዎንም ይርሱት።"

ጋሽ ሊሞላ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ላይ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሑፋቸው ይጽፉ ጀመር። ጥበቃው በትከሻቸው በኩል አንገቱን አስግጎ ጮክ ብሎ አነበበልን፦ "ተከራዮቹ የገቡት እኔ አታልዬ ስላስገባኋቸው ነው። የወጡት ባለቤቶቹ ስላስወጧቸው ነው።" ፈረሙ። ከኮታቸው ኪስ የሕንፃውን ማኅተም አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ ረገጡት። ለእያንዳንዱ ተከራይ አንድ አንድ፣ አምስት ቅጂ ጻፉ። አምስተኛው ላይ ማኅተሙ ዘምሞ አረፈ።

ንግግሬ ሳይነገር ቀረ። "አታላይ" የሚለውን ቃል ራሳቸው ቀድመው፣ በማኅተም አድርገው አስቀመጡት። ሰው እንዲህ ሲዘረፍ ታውቃላችሁ? ስድስት ዓመት ያሳደግሁትን ስድብ በአንድ ቀን ወሰዱብኝ!

በዚያች ወረቀት ምክንያት፣ ከአራት ወር ሙግት በኋላ፣ ገንዘቡ ለአምስቱም ተመለሰ። ጋሽ ሊሞላ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ዕቃ በወጣበት ዕለት ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው የእህቴን ካርቶኖች በዚያ በቆመ ደረጃ ሲያወርዱ ዋሉ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። "ይተዉት" ብላቸው እንቢ አሉኝ፤ እኔም ሁለተኛ አልለመንኋቸውም። ይሸከሙ ብዬ ነው።

እህቴ አሁን ከጤና ጣቢያው አጠገብ፣ ለክትባት የሚመጡ እናቶች በሚያልፉበት፣ ከድሮዋ የምትጠብብ ሱቅ አላት። ሰዓት ሠሪው አልቀናውም፤ ዕቃውን ሸጦ ልጁ ጋ ሄደ። አንድ ቀን ጫማ ስትደረድር ጠየቅኋት።

"እንዴት አንዴም አልተቆጣሻቸውም? እንደዚያ ሲያታልሉሽ?"

"ማን አታለለኝ? ባዶ እንደሚሆን መች አጣሁት።"

"ታዲያ ለምን ገባሽ?"

እጇን አላቆመችም። "አንድ ጊዜ መስታወት ያለው ሱቅ ውስጥ መሥራት ፈልጌ ነበራ" አለች። "ይገባሻል ብሎ የሚነግረኝ ሰው ነበር የጠፋው። እሳቸው መጡና ነገሩኝ።"

ይህንን ሁሉ የፈቀዱትን ባለቤቶች፣ ሥዕሉን አሠርተው፣ ሪባኑን ቆርጠው የሄዱትን እንዳልሰድብ፣ የት እንደሚኖሩ እንኳን አላውቅም። በቅርብ ያገኘኋቸው እሳቸውን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጸጉሬን ልስተካከል ገባሁ። አስተካካዩ ግማሹን ጨርሶ ግማሹን ሲጀምር፣ ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ፣ ነጋዴ ነገር ነው፣ በመስኮት ወደ ሕንፃው እያየ፣ "ያ ሥራ አስኪያጅ ተብዬ፣ ሌባ! የስንቱን ድሃ ቤት አፈረሰ" አለ። አነጋገሩ ከእኔ ንግግር ጋር ቃል በቃል አንድ ነው። ማጨብጨብ ነበረብኝ።

ጨርቁ አንገቴ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ጸጉሬን ይዤ ተነሳሁ።

"አንተ! ማንን ነው ሌባ የምትለው? ፊርማቸውን አይተሃል? አንተ በዕድሜህ እንደዚያ ዓይነት ፊርማ ፈርመህ ታውቃለህ?"

ሰውየው ደነገጠ። አስተካካዩ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ትከሻዬን ይዞ ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠኝ።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ ዘመድህ መሆናቸውን አላወቅንም" አለኝ። "ምንህ ናቸው?"

ማስተባበል ነበረብኝ። መስታወቱ ውስጥ ደም የመሰለ ፊቴን እያየሁ፣ "አጎቴ ናቸው" አልሁት።