የሰርቪሱ ግድግዳ

አንዳንድ ቃል እንደ ሰው ነው፤ አገር ሲቀይር ሙያም ይቀይራል። «ሰርቪስ»ን ውሰዱ። እኔ ስድስት ኪሎ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሰነድ እየተረጎምኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ከቃላት ጋር መዋል ደግሞ ወሬኛ ያደርጋልና ትንሽ ታገሡኝ። እንግሊዞች ቃሉን ከፈረንሳዮች ወሰዱት፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ከላቲን ወረሱት። ላቲኑ ዘንድ ሥሩ ሲማስ የሚወጣው «ባሪያ» ነው፤ የራሱ ደጅ የሌለው ሰው ማለት ነው። እንግሊዞች ከዚህ ሥር ጸሎቱንም፣ ውትድርናውንም፣ የሻይ ዕቃውንም፣ የቴኒስ ኳስ አመታቱንም አበቀሉ።

እኛስ ሰነፍን? ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ የሚለቅመው አውቶቡስ ሰርቪስ ነው። መኪናችን ዘይት ሲቀየርላት «ሰርቪስ ገባች» እንላለን። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ አጥር ታክኮ የሚሠራውን የክፍሎች ተርታ ነው። ድሮ ወጥ ቤትና የሠራተኛ ማደሪያ ነበር፤ ዛሬ የእኔ ቢጤ ተከራይ ይኖርበታል። እንግዲህ ከሮም ተነስቶ ይህን ሁሉ አገር የዞረው ቃል ውቤ በረሃ፣ አከራዬ እትዬ አስካለ ግቢ ገብቶ አረፈላችሁ።

እዚያ ሰርቪስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። የእኔን ክፍል ከአጠገቡ የሚለየው ስስ ችፑድ ነው። የእትዬ አስካለ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲያሠሩት «ለተከራይ ምን አነሰው?» ብለው ነበር አሉ። እሳቸው ካረፉ፣ ልጆቹም ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ፣ እትዬ አስካለ ያንን ትልቅ ቤት ብቻቸውን ይኖሩበታል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ አስካለ ደላላ ይዘው ግቢውን ሲያዞሩ አየሁ። ማክሰኞ ቀለም ቀቢ መጥቶ ከአጠገቤ ያለውን ባዶ ክፍል ቀባ። ሐሙስ ደግሞ ራሳቸው በሬ ላይ ቆሙ፤ ክፍሌን ከወለል እስከ ጣሪያ ቃኙና «ደህና ነህ ልጄ?» ብለው ሳይገቡ ተመለሱ። የዚህ ትርጉም እንኳ መዝገበ ቃላት አያሻውም። የአዲስ አበባ ተከራይ የአከራዩን ፊት አንብቦ ዕቃውን ይሸክፋል፤ «ልቀቅ» እስኪባል አይጠብቅም። እኔም ክብሬን ላድን ብዬ ከአትክልት ተራ የሙዝ ካርቶን አምጥቼ መጻሕፍቴን መክተት ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ከፋኝ። ከዚያ ግቢ ሌላ ቤቴ የምለው አልነበረኝም።

እሑድ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ካርቶኖቹን አይተው ክው አሉ።

«ምነው? ልትለቅ ነው እንዴ?»

«እርስዎ ልቀቅ ከሚሉኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ምን አልኩህ? ትልቁን ቤት ላከራየው ነው። እኔ እዚህ፣ ካንተ አጠገብ ልገባ። እንዴት ልንገረው እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስመላለስ! አከራዩን ጎረቤት ማድረግ ማን ይወዳል?»

ከዚያ አንዱ ካርቶን ላይ ተቀመጡ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ።

«ባለፈው መታጠቢያ ቤት ወደቅሁ። ብጮህ ብጮህ ማን ይስማኝ? ያ ቤት ድምፅ ይውጣል። እዚህ ግን ግድግዳውን ባንኳኳው ትሰማለህ። አንተ ከሄድክማ ሰርቪስ ገብቼ ምን ልሠራ?»

ደስ እያለኝ መጻሕፍቴን መልሼ ደረደርኩ።

ይኸው ጎረቤታሞች ሆነናል። ጠዋት አንዴ ያንኳኳሉ፤ እኔም አንዴ እመልሳለሁ። «አለሁ» ማለታችን ነው። የትልቁ ቤት ተከራዮች ሰፊው ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳሉ፤ የቤቱ እመቤት ከጀርባ፣ ሥሩ «ባሪያ» በሆነ ቃል በተጠራ ክፍል ውስጥ፣ ከሁላችንም በላይ ደልቷቸው ይኖራሉ።

ባለፈው ግን ተቆጥተው መጡ።

«ከምሳ በኋላ ጋደም ልበል ብል ሳልህ! ሬዲዮህ! ገጽ ስትገልጥ እንኳ ይሰማኛል! ይህን ግድግዳ እንዲህ ያሳሳው ማነው?»

«ባለቤትዎ ናቸው፣ እትዬ።»

ችፑዱን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ነፍሱን ይማረው» አሉ በመጨረሻ፣ «ለሌላ ሰው የሚሠራ መስሎት ነው።»