እቴጌ ትራስ

ሰው ያነጠፈውን አልጋ አይቶ እጁን ሰብስቦ የሚያልፍ ሰው ብቻ ያለበት ቤተ ዘመድ በምድር ላይ አልተፈጠረም። የትኛውም ወገን ዘመዱን አንድ በአንድ ቢያስብ፣ ከመካከሉ አንድ የአልጋ ሹም ማግኘቱ አይቀርም። ይህን ሹም የሚሾመው የለም፤ የሚሽረውም የለም። ለጥየቃ መጥቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ተሻግሮ መኝታ ቤት ይገባል፤ ጥቂት ቆይቶ እጁም ዓይኑን ይከተላል።

በአራሚው ቤተ ዘመድ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ታላቅ እህቱ ናቸው። አራሚው በማተሚያ ቤት ውስጥ የሌላውን ሰው ስሕተት ሲለቅም ጸጉሩ የሸበተ፣ የተዘለለች ነጥብ እንቅልፍ የምትነሳው ሰው ነው። ሚኒስትር የጻፈውን አርሟል፤ ፕሮፌሰር የጻፈውን አርሟል። እህቱን ግን ማረም አልቻለም። ዘመዱ ሁሉ በፊታቸው «እትዬ» ይላቸዋል፤ ዘወር ሲሉ ደግሞ «እቴጌ ትራስ»።

የእቴጌ ትራስ ሥርዓት ጥብቅ ነው። ከፍራሹ ላይ ስስ ሽፋን ይሄዳል። በእሱ ላይ ላስቲክ ያለው አንሶላ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ቀጥሎ ሌላ አንሶላ፣ ራስጌው በኩል አንድ ክንድ ያህል ተገልብጦ፤ ከዚያ ስሱ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ወፍራሙ፣ ከዚያ ኮምፎርቱ፣ ከዚያ የአልጋ ልብሱ። ግርጌው ላይ ደግሞ ማንም የማይለብሰው፣ ለዓይን ብቻ የተፈጠረ አንድ ጨርቅ በሦስት ታጥፎ ይጋደማል። ትልልቆቹ ትራሶች ለሽምግልና እንደተጠሩ አባቶች ከኋላ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ መካከለኞቹ ከፊታቸው፤ ከሁሉም ፊት አንዲት ድንቡሽቡሽ ያለች ትንሽ ትራስ፣ በቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ ከፊት እንደሚያስቀምጡት ሕፃን። የቀለሙንም ነገር በዋዛ አያዩትም። «ሁለት ቀለም ይዋደዳሉ፤ ሦስተኛው ያጫውታቸዋል፤ አራተኛው ግን ነገረኛ ነው» ይላሉ።

እውነት ለመናገር አልጋው ያምራል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ላየው ሰው ድካሙ ግማሹ እዚያው ይወጣለታል። ችግሩ የሚመጣው ሌላውን ግማሽ ለማራገፍ ሲያስብ ነው። የእትዬ ባለቤት የረጅም መንገድ ሹፌር ናቸው። አንድ ቀን ዝለው ገብተው አልጋውን ዞሩት፤ እንደገና ዞሩትና ተጣሩ።

«እመቤት!»

«አቤት!»

«የዚህ ነገር በሩ በየት በኩል ነው?»

«ቆይ፣ ትራሶቹን ላንሳልህ።»

«አይ፣ ግድ የለም ተዪው። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ፤ እሱ ይረፍ።»

ትኩሳት የጣላት ጎረቤት ነበረች። ክብርት እትዬ ሊጠይቋት ገቡ፤ ግንባሯን ዳሰሱ፤ አንሶላዋንም ዳሰሱ። የባሰባቸው አንሶላው ነበር። «አንዴ ብቻ ላስተካክለው!» አሉ። ይህች ቃል ከአፋቸው ከወጣች ወዲያ የሚመልሳቸው ኃይል የለም። በሽተኛዋ ፎጣ ተከናንባ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። በዚህ መካከል ሌሎች ጠያቂዎች መጡ።

«ውይ፣ ተመስገን! ቆመሽ? ተሻለሽ ማለት ነው?»

«እኔን አልተሻለኝም» አለች በሽተኛዋ፤ «የተሻለው አልጋዬ ነው።»

የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ለእይታ የተነጠፈውን አልጋ አፍርሰው ሲያነጥፉ ሻጩ ሮጦ መጥቶ «እማማ፣ ይህ አይነካም!» ብሏቸው ያውቃል። «አልነካሁትም ልጄ፤ አዳንኩት እንጂ» አሉት። የእህታቸው ልጅ ያገባች ለታ ሙሽሮቹ እሳቸው ያነጠፉትን ያንን ሕንፃ ለማፍረስ ድፍረት አጥተው ምንጣፍ ላይ አድረዋል። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህ ይወራል፤ ይሳቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ እየሳቁም የሶፋውን ትራስ ያቃናሉ።

አራሚውም ከሁሉ አብልጦ ይስቅ ነበር፤ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

ሚስቱ ከሞተችበት ዓመታት አልፈዋል። አሁን በስተርጅና፣ በብዙ ማመንታትና በብዙ ዝምታ፣ አንዲት ነርስ አግብቷል። ፊርማው ባለፈው ሳምንት ተፈጽሟል፤ ነርሷ ሻንጣዋን ይዛ የምትገባው ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለ ቤቱ ስፋት አልጠየቀችም፤ ስለ ደመወዙም አልጠየቀችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጠየቀችውም ዓይኑን እያየች ነው።

«ዕድሜዬን ሁሉ የኖርኩት በሰው ክፍል ነው» አለችው። «መጀመሪያ በወንድሜ ቤት፣ ከዚያ በነርሶች መኖሪያ። አንተ ቤት ደግሞ የሷ እንግዳ ሆኜ መግባት አልፈልግም። ነፍሷን ይማር፤ አልቀናባትም። ግን እሷ ባነጠፈችው ላይ አታስተኛኝ። አልጋዬን ራሴ ላንጥፍ።»

«ቃሌ ነው» አለ።

«ካልሆነልህ ዛሬውኑ ንገረኝ። ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ ከምሸክም ይሻለኛል።»

«ቃሌ ነው አልኩሽ እኮ!»

ቃሉንም ጠበቀ። አሮጌውን አልጋ አስወጣ፤ መጋረጃውን ቀየረ፤ ግድግዳውን አስቀባ። የቀረው ፍራሹ ነበር። ፍራሽ ሻጮቹ እናመጣለን ያሉት ያንኑ ማክሰኞ ጠዋት ሆነ። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ በዚያው ጠዋት የተማሪዎች መጽሐፍ ወደ ማሽን ሊያስገባ ነው፤ አራሚው ካልፈረመበት አይገባም። ያን ጊዜ ነው ልበ ሙሉ የነበረው ሰው ሞኝ የሆነው። የቤቱን ቁልፍ ለእህቱ ሰጠ።

«እትዬ፣ ፍራሹን ብቻ ተቀበዪልኝ። ሌላ ምንም አትንኪ።»

«ምን እነካለሁ ደግሞ!» አሉ እትዬ።

አራሚው ማተሚያ ቤት ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ይህችን መልስ ሲያስባት ላብ አጠመቀው። «ምን እነካለሁ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚነካውን ነገር በዓይነ ሕሊናው መደርደር የጀመረ ሰው አይደለምን? አንዱን መስመር ደጋግሞ አነበበው፤ ምን እንደሚል ግን አልገባውም። ስልክ ደወለ፤ አይነሳም። እንደገና ደወለ፤ አይነሳም። እጃቸው ሥራ ይዞ ካልሆነ በቀር እትዬ ስልክ የማያነሱበት ምክንያት እንደሌለ ያውቃል። የመጨረሻውን ገጽ ፈርሞ ሮጠ።

የቤቱን በር ሲከፍት የታጠበ ጨርቅ ሽታ ተቀበለው። መኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደርሶ ቆመ።

የእቴጌ ትራስ የዕድሜ ልክ ሥራ ከፊቱ ተንጣሎ ነበር። አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ ኮምፎርቱ፣ የትራሶቹ ጉባኤ፣ ሁሉም በየማዕረጉ። ከላይ ደግሞ፣ ከሁሉም በላይ፣ ነጩ የዳንቴል የአልጋ ልብስ። የሟች ሚስቱ ዳንቴል።

«እትዬ።»

«አትናገር። መጀመሪያ እይ!»

«እያየሁ ነው። ይህን ከየት አገኘሽው?»

«ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው ሻንጣ። አንተ እኮ አፍነህ የብል ቀለብ አድርገኸዋል! ያለ እሱ ክፍሉ ራቁቱን ነበር።»

«የማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

እትዬ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ድል ቀስ ብሎ ወረደ።

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ግራው የሷ እጅ ነው፣ ቀኙ የኔ። እሷ ክሩን ታጠብቃለች፤ እኔ አላላለሁ። መካከሉ ላይ ብታስተውል ይለያል። ስታገባህ አብረን ነው የሠራነው።»

አራሚው ያን ሁሉ ዘመን ከሥሩ ተኝቶበታል፤ ሁለት እጅ እንደሠራው ግን አንድም ቀን አላየም። አሁን አጎንብሶ ሲያይ፣ እውነትም መካከሉ ላይ ይለያል። በዚያው ዓይን ትራሶቹን አያቸው፤ ያችን ድንቡሽቡሽ ትንሽ ትራስም ለያት። የእህቱ ናት። ሁሉም የእህቱ ነው። ማንም እንዳይተኛበት ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን አልጋ ገፈው፣ በታክሲ ጭነው አምጥተውለታል።

ቁጣው በረደ። ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሳያሳምር፣ ሳያለዝብ፣ ነርሷ ያለችውን ቃል በቃል ነገራቸው።

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጡ ብለው፣ የተነጠፈ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ቆሙ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አትንኪ አልኩሽ እኮ!»

«አትንኪ ማለትና ለምን እንደማይነካ መንገር አንድ ነው? እኔ እኮ የመጣችው ልጅ ባዶ ቤት ተቀበሉኝ ብላ እንዳይከፋት...»

ደወሉ ጮኸ። ነርሷ ሰዓቷን አታሳልፍም፤ እንዲያውም ቀድማ መጥታለች።

አራሚው መኝታ ቤቱን ከኋላው ዘግቶ ወጣ። እህቱን ምን ያድርጉ እንዳላቸው አያውቅም፤ ምናልባት ምንም አላላቸውም።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ግቢ፣ ግቢ። ወጥ ቤቱ ይኸውልሽ።»

«አውቀዋለሁ። እሁድ እዚህ አይደል ምሳ የበላነው?»

«አዎ፣ ግን ቧንቧውን አላሳየሁሽም። ወደ ግራ ስታዞሪው ሙቅ ነው። ወደ ቀኝ ስታዞሪው ደግሞ...»

«ቀዝቃዛ።»

«አዎ! እንዴት አወቅሽ?»

ነርሷ አየችው። ሻንጣዋን ከእጇ አላስቀመጠችም። ከመኝታ ቤቱ ዱብ የሚል ነገር ተሰማ፤ ከዚያ መሳቢያ ሲከፈት፤ ከዚያ የጨርቅ መንሿሿት።

«ማነው ውስጥ ያለው?»

«እትዬ ናት። ፍራሹን ልትቀበልልኝ።»

«ፍራሹ ገና አልገባም?»

«ገብቷል።»

«ታዲያ ምን እየሠሩ ነው?»

«አላውቅም» አለ አራሚው። እንደዚያ ያለ ንጹሕ እውነት ተናግሮ አያውቅም። እህቱ በጭንቅ ጊዜ የሚያውቁት መላ አንድ ብቻ ነው፤ መደረብ። በሐሳቡ ብርድ ልብሱ በብርድ ልብስ ላይ፣ ትራሱ በትራስ ላይ እየተቆለለ ጣራ ሲነካ ታየው።

«የነገርኩህን አልረሳህም አይደል?» አለች ነርሷ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ የሻንጣውን እጀታ የያዙት ጣቶቿ ነጥተዋል።

«አልረሳሁም።»

«እንግዲያው ክፍሉን አሳየኝ።»

ሌላ የሚያሳያት ቧንቧ አልነበረውም። ከፊቷ ቀድሞ ሲራመድ መተላለፊያው አጠረበት። እጁን ወደ በሩ ሲዘረጋ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

እቴጌ ትራስ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ከሆዳቸው እስከ ዓይናቸው ትራስ ታቅፈዋል፤ ከትራሱ በላይ ግንባራቸው ብቻ በላብ ያበራል። ትከሻቸው ላይ ያንጠለጠሉት ቦርሳ አፉ አልዘጋ ብሎ የዳንቴል ጫፍ ይታይበታል። ከኋላቸው መስኮቱ ተከፍቷል፤ ብርድ ልብሶቹና ኮምፎርቱ በእሱ በኩል ግቢው ውስጥ ወርደዋል። ክፍሉ ውስጥ አዲስ፣ ነጭ፣ ምንም ያልደረበ ፍራሽ ብቻ ነበር።

ያልተነጠፈ አልጋ ለሰው ማሳየት ለእሳቸው በውስጥ ልብስ አደባባይ እንደመውጣት ነው። ነርሷን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«ይቅር በዪኝ ልጄ» አሉ። «ሳላነጥፍልሽ ቀረሁ። ጊዜ አጣሁ።»

ነርሷ ፍራሹን አየች። የትራሱን ክምር አየች። የእሳቸውን ላብ፣ ከቦርሳው የወጣውን ነጭ ጫፍ፣ የባሏንም አመድ የመሰለ ፊት አየች። ስትገምት ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም። ሻንጣዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። አራሚው መተንፈስ ጀመረ።

ከሻንጣው ያወጣችው አንሶላ ቢጫ ነው። ደማቅ ቢጫ፤ በላዩ ላይ የጎመን ራስ የሚያህሉ ቀይ አበቦች፤ በአበቦቹ መካከል አረንጓዴ ቅጠሎችና ሰማያዊ ወፎች። ነገረኛው አራተኛ ቀለም እንኳ አልቀረም! የተሰፋው ለአንድ ሰው አልጋ ልክ ነበርና፣ ስትዘረጋው ከፍራሹ ግማሽ ትንሽ አልፎ ቀረ። እትዬ ከንፈራቸውን ነከሱ። አራሚው በዓይኑ ለመናቸው።

«ደስ ይላል» አሉ በመከራ። «ብርሃን ነው።»

ነርሷ ሳቀች። ከገባች የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

«ያጥራል አይደል እትዬ?»

«ትን... ትንሽ።»

«እስኪ በዚያ በኩል ይያዙልኝ።»

እትዬ የታቀፉትን ሁሉ ለቀቁት። ሽማግሌዎቹም ሕፃኗም በየአቅጣጫው ተንከባለሉ፤ ዞር ብለውም አላዩአቸው። ሮጠው የአንሶላውን ጫፍ ያዙ።

አራሚው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። የእህቱን ቤት አሰበ፤ ያ የከበረ አልጋ አሁን ባዶውን ነው። ሹፌሩ ከመንገድ ሲመለሱ በሩን ሳይፈልጉ ዘው ይሉበታል። ሁለቱ ሴቶች የማይበቃውን ጨርቅ ከሁለት ወገን ይዘው እየሳቡ፣ እየተሳሳቁም ይጨቃጨቃሉ።

«ወደ እኔ ትንሽ ልቀቂልኝ እንጂ!»

«ከለቀቅሁት በእኔ በኩል ይጋለጣል እትዬ።»

«ይጋለጥ ልጄ» አሉ እቴጌ ትራስ፤ «ማን ያየዋል?»