የተለቀመ ጥይት

እናንተዬ፣ ዒላማ ስቶ «ጥፋቱ የእጄ ነው» ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ጎረቤቴ ከድር አብነት ቁልፍ ይቀርጻል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በአየር ሽጉጥ ዒላማ ይወዳደራል። ሲስት መጀመሪያ ጥፋተኛው እጀታው ነበር፤ በሞረድ ፋቀው። ቀጥሎ ቃታው ጠነከረ ተባለ፤ አላላው። አሁን ደግሞ ተራው የጥይቷ ሆነ። ጥይት ስላችሁ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራች ናት።

«እማማ፣ ዘንድሮ ከሳትኩ ከቡድኑ ያባርሩኛል። እርስዎ ምስር ሲለቅሙ ዓይንዎ አይስትም፤ እባክዎ ይልቀሙልኝ» አለኝ።

«ምኗን ነው የምለቅመው አንተ?»

«ጠርዟ የተጣመመች ከሆነች አቅጣጫ ትስታለች።»

ጉድ እኮ ነው! ሽጉጥም እንደ ጥርስ ጠጠር ይፈራል? መነጽሬን አድርጌ ሰፌድ ላይ ዘረገፍኳት። ልክ እንደ ምስሬ ጠማማ ጠማማዋን እየለቀምኩ ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩ፤ ደህናዋ ሰፌዱ ላይ ቀረች። ጓዳ ገብቼ ሳለሁ ከድር መጣና «እማማ፣ የተለቀመው የቱ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ነዋ!» አልኩት። ይዞት በረረ።

እሁድ ከሰዓት ሜዳሊያ አንጠልጥሎ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። «አንደኛ ወጣሁ እማማ! ጥይት እንዲህ ሲለቀም ነው እንጂ!»

ሰፌዱን ዞር ብዬ አየሁት። ደህና ደህናዋ እንዳለች ተቀምጣለች። ታዲያ «እጅህ ነው» ልበለው? ብነግረው እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ለሚመጣው ውድድር ይኸው ሁለት ቆርቆሮ ጥይት አምጥቶልኛል፤ እኔም ጠማማ ጠማማዋን እየመረጥኩለት ነው።