እትዬ አሲያና ያልቀመሱት ወጥ

አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ዛሬ ሥራ የምሠራ አይመስለኝም። ሽንኩርቱ ተልጦ ቁጭ ብሏል፣ እኔ ደግሞ እናንተን ይዤ ወሬ። ስለ ድስት ከፋች ነው።

በዚህ አገር ድስት ከፋች የሌለበት ሰፈር የለም። ማንም አልሾመው፣ ማንም አልጠራው፣ ብቻ እሳት ሲያያዝ ይመጣል። "እንዴት አደራችሁ" ከማለቱ በፊት እጁ ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑን ያነሳል፣ እንፋሎቱን በፊቱ ይቀበላል፣ ከዚያ ይፈርዳል። እኔ የተወለድኩት ወደራ ነው፣ እዚያም ነበሩ። ሻኪሶ ደርሶ የመጣ ሾፌር ደግሞ ወርቅ ቆፋሪው ራሱ የወጥ ሽታ ሲመጣ ከጉድጓዱ ወጥቶ የሰው ድስት ይከፍታል ብሎኛል። እኔ የምነግራችሁ ግን ስለ ሁሉም አለቃ ነው። ክብርት ወይዘሮ አሲያ፣ የነገሌ ቦረና ድስቶች ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ፣ የአጥር ጎረቤቴ።

እትዬ አሲያን ከሌሎቹ የሚለያቸው አለመቅመሳቸው ነው። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። የኔን ሥጋ እሳቸው አይበሉም፣ የሳቸውን እኔ አልበላም። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄ ይበቃዋል፣ የሰው ድስት ይተዋል። እትዬ አሲያ ግን አፍንጫ አላቸው። ክዳኑን ከፍ፣ ዓይናቸውን ጨፈን፣ አንዴ ሳብ ያደርጉና፣

"ሶጊዳ አነሰው" ይላሉ።

ሶጊዳ በኦሮምኛ ጨው ነው። ሌላውን ሁሉ በአማርኛ ሲያወሩ ውለው ጨው ላይ ሲደርሱ ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ፤ ጨው ቀልድ አይደለማ።

"እትዬ አሲያ፣ ጨው እኮ አይሸትም" አልኳቸው የመጀመሪያ ቀን።

"ላንቺ አይሸትሽም። እኔ ዱብሉቅ ነው ያደግኩት፣ አባቴ ጨው ነጋዴ። ከጨው ጆንያ ላይ ተኝቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ኢንታላ፣ ልጄ። ጨምሪ።"

ጨመርኩ። ልክ ሆነ። ያናድዳል እኮ።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ኩሽናዬ ልንገራችሁ፣ ስለሱ ሳላወራ ካለፍኩ ያመኛል። ደጅ ነው ያለው፣ ግራር ሥር። ነገሌ ፀሐይ ስትበረታ ቤት ውስጥ ወጥ መሥራት ራስን መቀቀል ነው። ስለዚህ በቀይ ጭቃ እስከ ወገቤ የሚደርስ ግድግዳ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አቆምኩ፣ ከበላዩ የበርሜል ቆርቆሮ ቀጥቅጬ ዘረጋሁ፣ ጉልቻዬን ከግድግዳው ሥር አደረግኩ። አቧራ አይገባ፣ እሳቱ አይዋልል። በግድግዳው አናት ላይ የጋዝ ጣሳዎች ደረደርኩ፦ አንዱ ላይ ጤና አዳም፣ አንዱ ላይ በሶብላ፣ የተሰበረው እንስራ ላይ ቃሪያ። ከሥሩ ጎመን። ዕቃ ያጠብኩበትን ውሃ ነው የሚጠጡት። እጄን ዘርግቼ ቅጠል ቆርጬ ድስት ውስጥ። እናንተም ሞክሩት፣ ጣሳ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቤቱ የአክስቴ ነው። እሷ ክብረ መንግሥት ስትሄድ፣ "በወር እየከፈለ የሚበላ ተቀላቢ ካገኘሽ ቆዪበት። ካላገኘሽ አከራየዋለሁ፣ አንቺም ወደራ እናትሽ ጋ ትመለሻለሽ" ብላኛለች። ወደራ ክፉ አገር አይደለም። ግን እናቴ ማማሰያውን አታስነካኝም። የኔ ጉልቻ፣ የኔ ግራር፣ የኔ ጤና አዳም ሁሉ እዚህ ነው። እንግዲህ ተቀላቢ ማግኘት ለኔ ምን ማለት እንደሆነ ይግባችሁ።

ወደ እትዬ አሲያ እንመለስ። በረመዳን እንኳ ይተዋሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ። በጠራራ ፀሐይ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ይመጣሉ፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። "ጾም ላይ ነኝ፣ አታውሪኝ" ይላሉ። ክዳኑን ያነሳሉ። "ሽንኩርቱን አስቸኮልሽው" ይሉና ይሄዳሉ። እኔ በፍልሰታ ስጾም ደግሞ የሽሮዬን ድስት ከፍተው፣ "አሁን ይሄን እኔም እበላዋለሁ" ብለው አንድ ሳህን ያስወጡኛል፣ ያውም እየበሉ፣ "ሶጊዳ" ይሉኛል።

አንድ ቀን ልፈትናቸው ብዬ ውሃ ጣድኩ። ባዶ ውሃ። ከደንኩት። መጡ፣ ከፈቱ፣ ሳቡ።

"ሶጊዳ አነሰው።"

"እትዬ አሲያ፣ ውሃ ነው እኮ። ልብስ ላጥብበት ነው።"

ድስቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ክዳኑን በቀስታ መለሱት።

"ታዲያ አነሰው እንጂ በዛ አልኩሽ?"

አትክልቱም ከሳቸው አላመለጠም። ቃሪያዬ አላቃጥል ብሎኝ ስነግራቸው፣ "ስትተክዪው ምን አልሽው?" አሉኝ። ምንም። "እሱ ነዋ። ቃሪያ ሲተከል ይሰደባል። ካልተሰደበ በምን ተናዶ ያቃጥላል?" አሉና እንስራው ፊት ቆመው ያን ሚስኪን ችግኝ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ጨረሱት። ባላቸው ሀሺ ከሱቁ ወጥቶ፣ "ማን ነው የተጣላሽ?" አለ። "ቃሪያ ነው፣ ግባ" አሉት። ገባ። በኋላ ያ ቃሪያ ሲደርስ አንድ የትሬንታ ኳትሮ ሾፌር ቀምሶት መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

በዚህ መሀል ሻምበል የሚባል ፍየል ነበራቸው። ሻምበል ያሉት ጺም ስላለውና ሲራመድ ደረቱን ስለሚነፋ ነው። እሳቸው ወደኔ በሚሾልኩበት ቀዳዳ አንድ ጠዋት እሱም ሾለከና ጎመኔን በላው። ቅጠሉን ብቻ አይደለም፣ ግንዱንም። ስደርስ በጤና አዳሙ አፉን ሊያጥብ ነበር።

መቼ ይህን አደረገ መሰላችሁ? ማክሰኞ። አራት የትምህርት ቤት መምህራን የወር ቀለብ ፈልገው፣ ማክሰኞ እንደኔ ቀለብ የምትሰጠው ወይዘሮ ብዙወርቅ ቤት ምሳ ሊቀምሱ፣ ሐሙስ እኔ ቤት፣ ከዚያ ሊወስኑ በነበረበት ሳምንት። እኔ ዶሮ ወጥ ከጎመን ጋር አስቤ ነበር። ጎመኑ ሻምበል ሆድ ገባ።

የግራር እሾህ ቆርጬ ቀዳዳውን ደፈንኩት። እትዬ አሲያ መጥተው ወዲያ ማዶ ቆሙ።

"ይሄ እሾህ ለፍየሉ ነው ለኔ?"

"ለፍየሉ ነው፣ እትዬ።"

"ፍየሉ በዚህ ያልፋል። እኔም በዚህ አልፋለሁ። እሾህ ደግሞ ሰው አይለይም።"

"ጎመኔን እኮ ነው የበላው።"

"ሰምቻለሁ" አሉና ገቡ። በሩን አልወረወሩም፣ ቀስ ብለው ነው የዘጉት። ያ ነው የከፋው።

ረቡዕ አልመጡም። የጾም ቀን ነው፣ ምስር ነው የሠራሁት፣ ለምስር ግድ የላቸውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሐሙስ ጠዋት ግን ዶሮዬን አሳርጄ፣ ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬው ገብቶ፣ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ፣ ያ ሽታ ግራሩ ላይ ያሉትን ወፎች ሁሉ ዝም ሲያሰኝ፣ ማንም ክዳኔን አላነሳም። ራሴ ቀመስኩ። ደግሜ ቀመስኩ። ምላሴ ግራ ገባው። ጨው በዛ? አነሰ? ክዳኑን ከፈትኩና በሰፌድ ሽታውን ወደ አጥሩ አራገብኩት። ምን ላድርግ? ልለምናቸው አፈርኩ። ከማዶ አንድ ሳል ተሰማ። 

መምህራኑ መጡ። አራት ስጠብቅ አምስት ሆነው። መምህር ሥዩም፣ የነሱ ትልቁና አፈኛው፣ አዲሱን ትከሻው ላይ መታ አድርጎ፣

"አንድ ሰው ጨመርንብሽ፣ አበባየሁ። ትናንት በመኪና የደረሰ ባልደረባችን ነው። መምህር ዓብዱሰላም።"

እጅ ላስታጥብ የያዝኩት ማንቆርቆሪያ እጄ ላይ ደረቀ። ዓብዱሰላም። ቤቴ ያለው ዶሮ ብቻ ነው፣ ያውም ክርስቲያን ያረደው። ጎመን ቢኖር ጎመን እሰጠው ነበር። የትናንቱን ምስር ደግሞ ለእራት ጠርጌ በልቼዋለሁ።

ልጁ ገባው። ጨዋ ነው። "ግድ የለም እህቴ፣ እንጀራ በቃሪያ እበላለሁ። ቃሪያ እወዳለሁ" አለ።

የትኛውን ቃሪያ እንደሆነ አያውቅም። ሳልከለክለው ገመጠ። ዓይኑ በእንባ ግጥም አለ።

"ተሰድቦ የተተከለ ነው" አልኩት።

መምህር ሥዩም ወጡን ጎረሰ፣ ጣቱን ላሰ፣ ከዚያ ወደ ዓብዱሰላም አየና እጁን ሰበሰበ። "ወጥሽ መልካም ነው፣ አልዋሽም። ግን እኛ አብረን ነው የምንቀለበው። አራታችን እየበላን አንዱ ቃሪያ ይዞ ሲያለቅስ አይሆንም። ወይዘሮ ብዙወርቅን ደግሞ ጠይቀናት ነበር፣ ለብቻው ምጣድም ድስትም አስቀምጣለሁ ብላለች።"

በቃ፣ ወደራ ታየኝ። እናቴ ማማሰያውን ይዛ በር ላይ ቆማ ታየችኝ።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

"አበባየሁ። ኮቱ፣ ነይ።"

ዞር ስል ከእሾሁ በላይ አንድ ትልቅ ድስት ቀስ እያለ ብቅ አለ፣ ከሥሩ ሁለት እጅ፣ ከእጆቹ ሥር የማላያቸው እትዬ አሲያ።

"ቶሎ ያዢው፣ እጄ ተቃጠለ። ሩዝ በፍየል ነው። ሀሺ በቢስሚላ ያረደው ነው በይው፣ ለልጁ።"

"እትዬ፣ የናንተ ምሳ አይደለም እንዴ? ጋሽ ሀሺ ምን ሊበላ ነው?"

"ሻይ በዳቦ ይጠጣል። ወፍሯል።"

ድስቱን ተቀበልኩ። እሳቸው ግን ከማዶ አልሄዱም።

"ስሚ ኢንታላ። ሻምበል ነው።"

"ምኑ?"

"ድስቱ ውስጥ ያለው። ጎመንሽ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። ልመልስልሽ ብዬ ጠዋት አሳረድኩት፣ ከታረደ በኋላ ነው የኔን ሥጋ እንደማትበዪ ትዝ ያለኝ። ለማን ልስጠው ብዬ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ አጥር ሥር ቆሜያለሁ። የልጁን ስም ስሰማ አላህ ላከልኝ አልኩ።"

ድስቱን አቅፌ ቆምኩ።  አመሰግናለሁ ልል አፌን ከፈትኩ፣ እጄ ግን ቀደመኝ፤ ክዳኑን አነሳ። እንፋሎቱ ፊቴን ሞላው። ሥጋው፣ ሄሉ፣ ቀረፋው። እንደሳቸው ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አንዴ ሳብኩ፣ ከዚያ ሳላስበው፣

"ሶጊዳ አነሰው" አልኩ።

 አበላሸሁት ብዬ ደነገጥኩ። 

"ዓብዱሰላም፣" አሉ እትዬ አሲያ በአጥሩ ላይ፣ የማያውቁትን ሰው እንደ ልጃቸው እየጠሩ፣ "ብላና ንገራት።"

ዓብዱሰላም በተለየ ሳህን ቀረበለት፣ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ደግሞ ጎረሰ። በጣም እንደጣመው ፊቱ ላይ ይታያል። ግን አስተማሪ ነው፣ መዋሸት አልቻለም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ትንሽ ጨው ይገኛል?" አለ።

ከእሾሁ ማዶ እንዴት እንደሳቁ ብነግራችሁ። ሀሺ ዳቦውን ይዞ ከሱቅ ወጣ። "ደረሰ አፍንጫሽ፣ ደረሰ" ይላሉ እትዬ አሲያ፣ ይስቃሉ፣ "ጨው አልቆብኝ ነው እንጂ" ይላሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። መምህር ሥዩም በሩዙ ሽታ ተጨንቆ፣ "እኛንስ በአፍንጫ ብሉ ልትሉን ነው?" አለ። እኔም፣ "በዚህ ቤት እንደዚያ ነው የሚበላው" አልኩት።

መምህራኑ እኔ ጋ ነው የሚቀለቡት። ለአራቱ የኔ ድስት፣ ለዓብዱሰላም የእትዬ አሲያ፣ ገበታው አንድ። እሾሁን አነሳሁት፣ ግን ቀዳዳውን እንደነበረ አልተውኩትም። ሥሩን በጭቃ ደፍኜ ከደረቴ ትይዩ ላይ መስኮት ከፈትኩ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖርኩበት፣ ድስት የሚያርፍበት። ፍየል አይደርስበትም፣ የእትዬ አሲያ ክንድ ይደርሳል። ኩሽናችሁ ደጅ ከሆነና ጎረቤት ካላችሁ ይህችን መስኮት ሥሯት፣ ከጣሳው ሁሉ የምትጠቅመው እሷ ናት።

አሁን ለዘመድ ሰርግ ዱብሉቅ ሄደዋል። መኪናው ላይ ሆነው እንኳ፣ "በርበሬውን አታስቸኩዪው" እያሉ ነው የሄዱት። ዓብዱሰላም ሽሮ እየበላ ይጠብቃቸዋል። እኔ ደግሞ ይኸው ድስቱን ጥጄ፣ ክዳኑን ራሴ እያነሳሁ ራሴ እየከደንኩ፣ ዓይኔ መስኮቷ ላይ ነው። ወጡ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ግን ጨው ያነሰው ይመስለኛል፤ ማን ይንገረኝ?

በእናንተ ደጅስ ድስት የሚከፍተው ማነው? ሲመጣ ተናዳችሁ፣ ሲቀር ደግሞ ክዳኑን ከፍታችሁ ሽታውን ወደሱ ያራገባችሁበት ቀን የለም?