ጋቢ የለበሰችው መኪና

ለመኪናው ጋቢ የሚያለብስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ እዚህ ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ታደሰ ናቸው። በዕድሜ እኔን የምትበልጥ መኪና አለቻቸው። ብርድ ሲገባ የቤተክርስቲያን ጋቢያቸውን ኮፈኗ ላይ ደርበውላት ታድራለች። ታዲያ ሞተሯን ብርድ ይምታት እንዴ?

ባለፈው እሑድ ልንሳለም ስንወጣ ጋቢው በውርጭ ደርቆ ኮፈኑ ላይ ተጣብቋል። «በባስ ብንሄድስ?» ብላቸው፣ «ቀስ በል፣ ትሰማሃለች!» ብለው ተቆጡኝ። ቁልፉን ሲያዞሩ በአንዴ ተነሳች! ጋሽ ታደሰ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ጋቢዋን እንደለበሰች ሄድን።

ቤተክርስቲያኑ በር ላይ አረጋዊው ቄስ ጋሽ ታደሰን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«ጋቢህስ?»

ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፍተው ወደ መኪናዋ ጠቆሙ። ቄሱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ፈረዱ፦ «በል እሷ ትግባ፤ አንተ ውጭ ጠብቃት።»