ሮም በሙሉ ድምፅ

ያልሄዱበትን አገር የሚያህል የሚታወቅ አገር የለም! አትከራከሩኝ። የሄደበትን ሰው ብትጠይቁት "እንጃ፣ ብዙም አላየሁ" ይላችኋል። ያልሄደው ግን መንገዱን፣ አየሩን፣ የወጡን ጨው ሳይቀር ይዘረዝርላችኋል። ይህን የምለው ከልምድ ነው… እኔ ራሴ ቦንጋ ቁጭ ብዬ ለስድስት ዓመት ሮምን ሳውቃት ኖሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን አንድ ጊዜ ለሥልጠና ወደ ሮም ሊልከኝ ተነሣ። ሽኝት ተደረገልኝ፤ በግ ታረደ፣ ንግግር ተደረገ፣ ጋቢ ተሸለምኩ። ጂማ ስደርስ "ጉዞው ተሰርዟል" የሚል የስልክ መልእክት ጠበቀኝ! እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የተበላ በግ አይመለስ… እኔም በተሸለምኩት ጋቢ ተከናነብኩና፣ ሚዛን የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተሸጉጬ፣ ቦንጋን አልፌ ሺሺንዳ አክስቴ ቤት ገባሁ። ሁለት ሳምንት ቆጮ በጎመን ስበላ ከረምኩና "ከሮም" ተመለስኩ።

ከዚያማ ማን ይቻለኝ! "የሮም መንገድ ጠዋት ጠዋት በሳሙና ይታጠባል" አልኩ። "ትራፊክ ፖሊሱ መኪና የሚያስተናብረው እየዘፈነ ነው" አልኩ። ስሜ ተቀየረና "ሮማው" ተባልኩ። ሠርግ ላይ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ፓስታ ይጠቀለላል ወይስ ይቆራረጣል የሚል ክርክር ከተነሣ የመጨረሻውን ውሳኔ የምሰጠው እኔ ነኝ። በቦንጋ ያለኝ ክብር በሙሉ የተገነባው በዚያች ባላየኋት ከተማ ላይ ነበር።

ታዲያ አምና ስለ ጫካ ቡና የልምድ ልውውጥ ከስዊድን ለሦስት ሰዎች ግብዣ መጣ። ለእኔ፣ ለቡድን መሪያችን ለጋሽ አድማሱና ለጸሐፊዋ ለአስቴር። ሦስታችን ምሳ እንኳ ተለያይተን በልተን የማናውቅ ጓደኛሞች ነን። ትኬት ቆራጩ "ስትመለሱ ሮም፣ ፓሪስ ወይም ፍራንክፈርት አንድ ቀን ማረፍ ትችላላችሁ፤ ምረጡና ንገሩኝ" አለን። ሰማይ ተደፋብኝ!

ጋሽ አድማሱ ያለ ስብሰባ ሻይ እንኳ አይጠጡም። ወዲያው ተሰበሰብን፤ አስቴር ቃለ ጉባኤ ያዘች።

"ሐሳብ እንስጥ" አሉ።

"ፍራንክፈርት!" አልኩ ከአፋቸው ነጥቄ።

"እዚያ ምን አለ?"

"ንጹሕ አየር…"

"ከቦንጋ ተነሥተን አየር ፍለጋ? ፓሪስስ?"

"ፓሪስ ሽቶ ነው፤ ሽቶ ደግሞ መርካቶም አለ" አለች አስቴር። "እኔ ሮም ነው የምለው።"

"ሮም ሌባ ይበዛል! ፀሐዩ ራስ ያዞራል! ሰዉ ይጮኻል!" አልኩ።

"እንዴ! ያ በሳሙና የሚታጠበው ሮም?"

"ከታጠበ በኋላ ያንሸራትታል!"

ጋሽ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጓዳችን የሮምን ጠንካራና ደካማ ጎን በሚገባ አቅርቧል። ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ይዘን ሌላ ከተማ ብንመርጥ ያስገመግመናል።" ሁለት እጅ ወጣ። "በድምፅ ብልጫ ሲባል ግን ደስ አይልም፤ በሙሉ ድምፅ ይሁን" አሉና እኔን እኔን ያዩ ጀመር። ምን ላድርግ… በገዛ ራሴ ላይ እጄን አወጣሁ!

ስዊድን ተጠናቀቀ፤ ሮም አረፍን። ከአየር ማረፊያው በባቡር ከተማ ገባን።

"በል ሮማው፣ ምራን!" አሉ ጋሽ አድማሱ።

ደረቴን ነፍቼ መራኋቸው። ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ግራ… ተመልሰን ባቡር ጣቢያው ደጃፍ!

"ይሄ ሌላኛው ጣቢያ ነው፤ እዚህ አገር መንታ መንታ ነው የሚሠሩት" አልኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንመለስ አስቴር ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ላቤ ይንቆረቆራል። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ስም እዚያ ደረጃ ላይ ሲሞት ታየኝ፤ አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

"ጋሽ አድማሱ… እኔ ሮምን አላውቃትም። መጥቼም አላውቅ።"

"እናውቃለን" አሉ።

"እንዴት?"

"ያኔ ሮም ነበርኩ ባልክበት ሳምንት ሺሺንዳ ገበያ ጎመን ስትገዛ በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ። ከነጋቢህ!"

"ታዲያ ለምን ሮምን መረጡ?"

"ልጄ፣ እስከ መቼ ትዋሻለህ? አንድ ቀን አምጥተን እውነት ብናደርግልህ ይሻላል ብለን ነዋ።"

"ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም እንጂ እሱም በሙሉ ድምፅ ነው የጸደቀው" አለች አስቴር፣ እግሯን እያሸች።

እንባዬ መጣ። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ይላሉ፤ የኔው ግን ስድስት ዓመት ሙሉ እየከበደኝ ነው የኖረው። የቀረችንን ዳቦ ቆሎ እዚያው ደረጃ ላይ ተካፍለን በላን። ከእንግዲህ ስለ ሮም እውነቱን ብቻ ላወራ ማልኩ።

ቦንጋ በገባን ማግሥት የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊው በቀለ በር ላይ ከበበኝ።

"መንገዱ በሳሙና አይታጠብም" አልኩ። "እንደኛው አቧራ አለው።"

"የሚዘፍነው ፖሊስስ?" አለ በቀለ።

"ፊሽካ ነው የሚነፋው። ዘፈን የለም።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በቀለ መርፌውን ሰክቶ ተነሣና ትከሻዬን በሐዘኔታ መታ መታ አደረገ።

"አይዞህ ሮማው… አታለው ሌላ ከተማ ነው ያወረዷችሁ!"